ለቆጣሪው ልጅ

(ፑንሳልማ፣ በጎቢ በረሃ፣ ሞንጎሊያ)

ግባ ልጄ፣ ግባ፤ ከነጫማህ እለፍ፤
ወለሉ አሸዋ ነው፣ ምን ሊቆሽሽ ምንጣፍ።
ሻዩ ጨው አለበት፣ ወተቱ የግመል፤
ስኳሩን ነጋዴው ካመጣው ይገኛል።
መነጽርህን እዚያ ከምሰሶው ስቀል፤
መዝገብህን ግን ያዝ፣ ገና ይጨመራል።

ስንት አልከኝ ዘንድሮ የዱር አህያው ብዛት?
ከባቡሩ አጥር እስከ ቻይና ወሰን
ስንት ውርንጭላ፣ ስንት እናት?
አንተ ትቆጥራለህ። እኔም እንደ አቅሜ
አስራ ስድስት ዓመት ስቋጥር ነው የኖርኩት፤
አልተፈታም ቂሜ።

ሶድኖም ነው ያን ጉድጓድ ባካፋ በዶማው
አስር ክንድ ወርዶ ከአለት የቀማው።
ከከባድ መኪና ከመነዳሪ ቀዶ
ባልዲ ሰፋለት፣ የግመል ጠጉር ገምዶ።
እነሱ ግን ሌሊት፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣
ገንዳውን ጨልጠው፣ ጎህ ሳይቀድ ሲተሙ፣
በደረቅ እንጨት ላይ ፍየሎቼ ቆሙ።
ሳሩም እንዲሁ ነው፤ በፀደይ፣ ገና ከአሸዋው ሲያቆጠቁጥ
መንጋው ባንድ ሌሊት ካለፈበት ወዲያ
የተላጨ አገጭ፤ ምኑ ይነጭ? ምኑ ይቆረጥ?

ከዚያ በረዶው መጣ። ዙድ ነው ስሙ በኛ።
ምድር ብረት ሆነ፤ ሳሩ ከሥር ቀረ፣ በሩ እንደጠፋው እስረኛ።
ሦስት መቶ ሃያ ነበር ፍየላችን። ሲቀልጥ በሕይወት የወጣ
አርባ አንድ።
ሶድኖም ቆዳ ሲገፍ ሰነበተ፤ ቃል ከአፉ ታጣ።

ከዚያ ነው ዳቫሱረን፣ ልጄ፣ በሞተር ብስክሌት
መንጋውን ያባረረው፣ በመብራት፣ በሌሊት።
አንዷን ጣላት። እርጉዝ ነበረች።
ሥጋዋን ለማዕድን ቆፋሪዎች ሸጦ
ሁለት ኬሻ ዱቄት ይዞልኝ ገባና
ዝም አለ፣ ከበሩ ጥግ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጦ።
በላሁት ዱቄቱን። ይህንንም ጻፈው።

እውነቱን ልንገርህ? የካሽሚር ዋጋ ሰማይ የነካ ለት
ፍየል በፍየል ላይ ስንጨምር፣ ስንጨምር፣
ማን ቆጠረው ያኔ የእኛን አፍ ብዛት?
ለሳሩ እንደሆን ባዕድ ጥርስ፣ ዘመድ ጥርስ የለም፤
ጥርስ ሁሉ እሳት።

አምና ጉድጓዱ ነጠፈ።
ባልዲውን ሰደድኩት፣ ጭቃ ይዞ ወጣ፤ ደግሜ ሰደድኩት፣ ኮረት።
ሶድኖም ከሞተ ቆየ፤ ልጄ ከተማ ነው፣ ታክሲ ይነዳል፤
ሰባት ቤት ነበርን በዚህ ሸለቆ፤ የኔ ጭስ ነው የቀረው፣ የአንዲት ቤት።
ፍየሎቼን ይዤ በደረቀው ወንዝ ቁልቁል ስወርድ
አንዲት እናት አህያ አየሁ፣
አሸዋውን በኮቴዋ ስትንድ።
ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል። ውርንጭላዋ ጥላዋ ሥር ቆሟል።
ክንድ ከስንዝር ቆፍራ አንገቷን ደፋች፤
ቀና ስትል አፍንጫዋ ይንጠባጠባል።

ጠመንጃ አልያዝኩም። ብይዝስ? አላውቅም።
(ይህን እንኳ አትጻፍ።)
ውርንጭላው እስኪረካ ጠበቀች፣ ከዚያ ፈቀቅ አለች፤
ፍየሎቼ ተግተልትለው ወረዱ፤ እኔም ተንበርክኬ
በመዳፌ ጠጣሁ። ጨው ጨው ይላል። ኮቴ ኮቴ ይላል።

ይቅር አላልኳትም።
ቂም በአንድ መዳፍ ውሃ አይታጠብም፣ ልጄ፤
ቋጠሮው ግን ላላ፤
አንድ ጣት ያስገባል።

እንግዲህ ነገ ያን ወንዝ ስትደርስ፣ በመነጽርህ ስታይ፣
አንዲት እናት ታገኛለህ፣ አንድ ውርንጭላ፣
ሃምሳ ሁለት ፍየል፣ አንዲት አሮጊት፣
ባንድ ጉድጓድ አፍ ላይ።
በየትኛው አምድ ነው እኔን የምትከተኝ?
«ሊጠፉ የተቃረቡ» የሚል አይቻለሁ፤
ጠባብ ቢሆን እንኳ ስሜ አጭር ነው፣ ያስገባኛል፤ ጻፈኝ።

ሻይህን ጠጣ እንጂ፣ ምነው ቀዘቀዘ?
ውሃው የሷ ነው።